ከብራንስዊክ እስከ ፖይንት ኦቭ ሮክስ፦ የአንድ ቀን የስሞልማውዝ ባስ ዓሣ ማጥመድ ማስታወሻ

ቦታው ላይኛው ፖቶማክ ወንዝ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ ነው። መነሻ የብራንስዊክ ጀልባ መግቢያ፣ መድረሻ ፖይንት ኦቭ ሮክስ። ርቀቱ 6.8 ማይል፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ መንገድ ብራንስዊክ ማይል 55.0 ላይ፣ ፖይንት ኦቭ ሮክስ ማይል 48.2 ላይ ነው። ወቅቱ የሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመታቱ ግን በፈረንጆቹ ተጽፏል። በታንኳ ሁለት ሰው።

የቀኑ ሥራ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ውሃው ሲቀንስና ሲጠራ ቲዩብ (ባዶ ቱቦ መሰል ለስላሳ የፕላስቲክ ማጥመጃ) ውስጥ የሚገባው እርሳስ (ከመንጠቆው ጋር የተያያዘው የብረት ክብደት) ስንት ግራም ይሁን? ስለ ማጥመጃ ቀለም ብዙ ይወራል። በዚህ ወንዝ ግን ዓሣ የሚያስይዘውም የሚያሳጣውም አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ነው።

ዋዜማ፣ ማታ 2:00

የፖይንት ኦቭ ሮክስ የውሃ መለኪያ 1.3 ጫማ ይላል፤ አራት ቀን ሙሉ እየወረደ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። እየወረደ ያለ 2 ጫማ እየወጣ ካለ 1.5 ይሻላል፤ የሚወጣ ውሃ ቅጠልና ሣር ጠራርጎ ያመጣል፣ እያንዳንዱ ውርወራ መንጠቆ ላይ ቆሻሻ ይዞ ይመለሳል፣ በእግር መግባትም አያስተማምንም።

ሌላው የሚታየው ሼናንዶዋ ነው። ከብራንስዊክ በላይ ሐርፐርስ ፌሪ ላይ ከቀኝ በኩል ይገባል፣ ውሃውም ከፖቶማክ ጋር ቶሎ አይዋሃድም። እዚያ ዘንቦ ሲደፈርስ የቨርጂኒያው ዳር ሻይ በወተት መስሎ የሜሪላንዱ ዳር ገና ጠርቶ የሚገኝበት ቀን አለ። ስለዚህ ጉዞ ከመሰረዝ በፊት የሁለቱንም ወንዞች መለኪያ ማየት ነው። ዛሬ ሁለቱም ንጹህ ናቸው።

ፈቃድ፦ ወንዙ እስከ ቨርጂኒያው ዳር የሜሪላንድ ስለሆነ የሜሪላንድ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ፈቃድ ይበቃል። ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ባስ ይዞ መሄድ አይፈቀድም፤ የመራቢያ ጊዜው ነው። ከዚያ ውጭ ዝቅተኛው መጠን 12 ኢንች ነው። ደንቡ በየክፍሉ ስለሚለያይ የዓመቱን መመሪያ ማየት ግድ ነው። ዛሬ የሚያዘው ሁሉ ይለቀቃል።

ዘንግ ሁለት። አንደኛው ለቲዩብ፦ 7 ጫማ፣ መካከለኛ ቀላል፣ ጫፉ ፈጣን (ጫፉ አካባቢ ብቻ የሚታጠፍ)፤ 2500 ቁጥር ሪል (የክር ማጠቅለያ)፤ 10 ፓውንድ የተጎነጎነ ክር፣ ጫፉ ላይ 2 ሜትር የ8 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን። ሁለተኛው በውሃ ላይ ለሚንሳፈፍ ማጥመጃ፦ 6 ጫማ ተኩል፣ ጫፉ ላይ ናይለን። እዚህ ፍሎሮካርቦን ማሰር ስሕተት ነው፤ ስለሚሰምጥ የተንሳፋፊውን አፍንጫ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ድምፁም ይበላሻል።

መንጠቆ የሚታሰረው በፓሎማር ቋጠሮ ነው። ክሩን እጥፍ አድርጎ በመንጠቆው ዓይን ማሳለፍ፣ ልል ቋጠሮ ማሰር፣ መንጠቆውን በሙሉ በቀለበቱ ውስጥ ማሳለፍ፣ በምራቅ አርሶ ቀስ ብሎ መሳብ። ደረቅ ፍሎሮካርቦን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይግላል፣ እዚያው ይዳከማል። ክር ሲበጠስ ጫፉን ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ ተጠምዝዞ ከመጣ ቋጠሮው ተንሸራቷል፣ ሻክሮ ከተቆረጠ ድንጋይ በልቶታል።

ቲዩብ 20 ፍሬ፣ 3.5 ኢንች፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ጥቁር አረንጓዴ። እርሳስ አራት ዓይነት፦ 1.8፣ 2.7፣ 3.5 እና 5.3 ግራም። በሱቅ ቋንቋ 1/16፣ 3/32፣ 1/8 እና 3/16 አውንስ ናቸው። መንጠቆው 1/0፣ እሾሁ በፒንሳ ተጨፍልቋል።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። እርሳሱን በውሃ ማርጠብ፤ ክፍት ከሆነው ከጭራው በኩል ማስገባት፤ ጭንቅላቱ የቲዩቡ አፍንጫ ላይ እስኪደርስ መግፋት። ክሩ የሚታሰርበት ዓይን ከውስጥ ቆዳውን ሲወጥረው በጥፍር ተጭኖ በስቶ ማውጣት። የመንጠቆው ጫፍ ከጭራው ፈትሎች በላይ በሆድ በኩል ሳይሆን በጀርባ በኩል ይውጣ፤ በሆድ ከወጣ መጀመሪያ የሚነካው ድንጋይ ያስቀረዋል። ቲዩቡ ጠማማ ከተሰካ ደግሞ ይሽከረከራል፣ በሃያ ውርወራ ክሩን ያጣምረዋል።

ጠዋት 12:25

ብስክሌቱ ፖይንት ኦቭ ሮክስ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ቀረ፤ መኪናና ታንኳ ወደ ብራንስዊክ። ማታ አንዱ በቦይ መንገዱ ላይ ነድቶ መኪናውን ያመጣል። ተቃራኒው፣ ማለትም ጠዋት መኪናውን ታች አድርሶ በብስክሌት ወደ ላይ መመለስ፣ የቀኑን ምርጥ አንድ ሰዓት ይበላል።

ወደ መግቢያው የሚወስደው መንገድ ሐዲድ ያቋርጣል፤ የጭነት ባቡር ከያዘ መጠበቅ ነው፣ 15 ደቂቃ መጨመር አይከፋም። ባቡሩ ከዓሣው ጋር ዝምድና አለው። ስሞልማውዝ የዚህ ወንዝ ተወላጅ አይደለም፤ አገሩ ከተራራው ማዶ፣ ኦሃዮና ታላላቅ ሐይቆች ነው። የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ዊሊንግ ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1854፣ ጥቂት ዓሣዎች በባቡሩ የውሃ ታንከር ተጭነው ከምበርላንድ ላይ በቦዩ ገንዳ ውስጥ ተለቀቁ፤ ከዚያ ወደ ፖቶማክ ገቡ። ዛሬ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእነዚያና በኋላ ከተጨመሩት የመጣ ነው።

12:55

ጉም። የውሃው ሙቀት 21.9። ቴርሞሜትሩ ክንድ ድረስ ጠልቆ፣ በጥላ ውስጥ፣ አንድ ደቂቃ ይቆያል፤ ላይ ላዩን መለካት ዋጋ የለውም።

በሜሪላንዱ ዳር የውሃ ሣሩ ከሚያልቅበት ጫፍ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ፖፐር፣ ሲሳብ ድምፅ የሚያሰማ ተንሳፋፊ ማጥመጃ። ውርወራው ከሣሩ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ያርፋል። ከዚያ መተው። ያረፈበት ክብ ሞገድ እስኪጠፋ አለመንካት፤ አንዴ "ቧ" ማድረግ፤ እንደገና መተው። የሚነክሰው በአብዛኛው ዝም ባለበት ነው። ሲፈነዳ ወዲያው መንጠቅ ማጥመጃውን ከአፉ ማውጣት ነው፤ ክብደቱ ዘንጉ ላይ እስኪሰማ መታገሥ ያስፈልጋል። እጅ ግን ዓይንን ተከትሎ ይነጥቃል። ሁለቱ በዚህ አመለጡ።

አንድ ዘዴ ሁልጊዜ ይሠራል። ፖፐሩን ስቶ የተመለሰ ዓሣ ያለበት ቦታ ላይ፣ አሥር ሴኮንድ ሳይሞላ፣ በሌላው ዘንግ ቲዩብ መጣል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ዘንግ ታስሮ ዝግጁ ሆኖ የሚቀመጠው። አንዱ በዚህ ተያዘ፣ 36 ሴንቲ ሜትር።

እስከ 2:20 ድረስ አራት በፖፐር፣ አንድ በቲዩብ። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ውሃው ላይ ስትወድቅ ላይኛው ንክሻ ቀጥ አለ።

3:10፣ የድንጋይ እርከኖች

ወንዙ እዚህ ሰፊ ነው፣ የድንጋይ እርከኖች በሰያፍ ያቋርጡታል። ጥልቀቱ ከጉልበት እስከ ደረት። በዚህ ውሃ በእግር መሥራት ከታንኳ ይሻላል። ጫማው የጎማ ሶል ከብረት ሚስማር ጋር፤ የሱፍ ሶል በሜሪላንድ ከ2011 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ወራሪ አልጌ ከወንዝ ወደ ወንዝ ያዛምታልና። የሕይወት ጃኬት አይወልቅም፤ ድንጋዩ መካከል እግር ከተቀረቀረ ጉልበት የሚደርስ ውሃም ሰው ይጥላል።

አዲስ ሰው ሁልጊዜ ከእርከኑ በታች፣ አረፋው ውስጥ ይጥላል። እዚያም አይጠፋም። ነገር ግን ውሃ ከድንጋዩ ፊት ሲደርስ ይገፋል፣ ይቆማል፤ ልክ ከፊቱ አንድ ክንድ የማትሞላ ጸጥ ያለች ቦታ አለች። ትልቁ ባስ በጋ ላይ ምግብ ቀድሞ የሚደርስበትን ያንን ይይዛል። ውርወራው ስለዚህ ከእርከኑ ሦስት ሜትር ወደ ላይ ይሆናል፤ ቲዩቡ ወደ ድንጋዩ በራሱ እንዲንከባለል።

በ3.5 ግራም ተጀመረ። ጥልቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ፍሰቱ የእርምጃ ያህል። በአሥር ደቂቃ አራት ቲዩብ ድንጋይ ውስጥ ቀረ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ክብደቱ ለጥልቀቱ ብዙ ስለሆነ እየተንሸራተተ ሳይሆን እየወደቀ ነበር፤ የወደቀበት ደግሞ ስንጥቅ ነው። ሁለተኛ፣ ውርወራው አቋርጦ ወደ ታች ስለሆነና ክሩ ስለተወጠረ፣ ውሃው ክሩን በደጋን ገፍቶ ቲዩቡን በጎን እየጎተተ ከድንጋይ ሥር አስገባው።

ወደ 2.7 ግራም ወረደ፣ አቋቋሙም ተቀየረ። ከእርከኑ በታች በጎን ቆሞ ወደ ላይ በ45 ዲግሪ መወርወር፤ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ውሃው ወደ ታች በሚያመጣው ልክ ክሩን መጠቅለል፤ አለመጎተት፣ አለማላላትም። ልኩ የሚታወቀው በጆሮና በጣት ነው፦ ቲዩቡ በሁለት ወይም በሦስት ሴኮንድ አንዴ "ጠቅ" ካለ ክብደቱ ትክክል ነው። በየሴኮንዱ የሚያንኳኳ ከሆነ ከባድ ነው፣ ቀጥሎ ይያዛል። መንገዱን ሁሉ ጨርሶ አንዴም ካልነካ ቀላል ነው፤ ባሱ ከሚያይበት በላይ እያለፈ ነው። ቲዩቡ እንደ ክሬይፊሽ፣ ያ ሸርጣን መሰል የወንዝ እንስሳ፣ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘል መምሰል አለበት፤ የስሞልማውዝ ዋና ቀለቡ እሱ ነው።

ንክሻው "ጠቅ" አይልም። ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማም፤ ጠቅ ይል የነበረው ድንገት ዝም ይላል፣ ወይም ክሩ ከፍሰቱ ተቃራኒ ወደ ጎን ይሄዳል። አምባዛን በትል ይዞ እስኪውጥ መጠበቅ የለመደ ሰው እዚህ ይቸገራል። ባስ ፕላስቲክ መሆኑን እንዳወቀ ይተፋዋል። የላላውን ጠቅልሎ ወዲያው በጎን መሳብ ነው።

አምስት ተያዙ፤ ትልቁ 44 ሴንቲ ሜትር፣ የቀኑም ትልቁ ይኸው ሆነ። ከእርከኑ ፊት እንጂ ከኋላው አልወጣም። አንድ ቲዩብ ብቻ ጠፋ።

ለተያዘ መንጠቆ፦ መጎተት የለም። ክሩን አላልቶ ወደ ላይ መሄድና ከመጣበት አቅጣጫ መሳብ፣ አብዛኛው ይወጣል። ካልወጣ ክሩን በግራ እጅ ከሪሉ ፊት ይዞ እንደ ክራር አውታር ወጥሮ መልቀቅ፤ ንዝረቱ እርሳሱን ወደ ኋላ ይመታዋል። መጨረሻ ላይ መበጠስ የግድ ከሆነ ክሩን በመቅዘፊያው እጀታ ላይ መጠቅለል። የተጎነጎነ ክር በእጅ ላይ ከተጠቀለለ ሥጋ ይቆርጣል።

4:50

ተከታታይ ትንንሽ "ታ ታ ታ" ንክሻ፣ ምንም የለም። ፎልፊሽ ወይም ቀይ ደረት ሰንፊሽ የሚባል ሌላ ዓሣ ነው፤ የቲዩቡን ጭራ ይነጫል። ሲበዛ ቦታ መቀየር። አንዱን ለመያዝ መንጠቆ ማሳነስ ጊዜ ማባከን ነው።

5:35፣ የካቶክተን ወንዝ አፍ

ካቶክተን የሚባል ወንዝ በሁለቱም ዳር አለ፤ አንዱ ከሜሪላንድ፣ አንዱ ከቨርጂኒያ፣ ሁለቱም በዚህ ጉዞ ውስጥ ይገባሉ። ቦታ ሲነገር ይምታታል። ይህ የሜሪላንዱ ነው፤ ቦዩን የሚያሻግረው ባለ ሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ከውስጥ ይታያል። በ1973 ሁለቱ ቅስቶች ፈርሰው በ2011 እንደገና ተጠግኖ ተመርቋል።

የወንዙ አፍ ሙቀት 22.4 ዲግሪ፣ ዋናው ወንዝ 23.8። አንድ ዲግሪ ተኩል እንኳ ዓሣ ይሰበስባል። እዚህ ጥልቀቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፤ 1.8 ግራም ብቻ ነው የሚሠራው፣ 2.7 እንኳ አሸዋው ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ሁለት ተያዙ፣ 25 እና 28 ሴንቲ ሜትር።

የታንኳው መልሕቅ መልሕቅ አይደለም፤ በብስክሌት የውስጥ ጎማ የተሸፈነ ሦስት ኪሎ የሚያህል ሰንሰለት ከኋላ ይጎተታል። ጎማው ድምፁን ያፍናል። በፍጹም ከጎን አይታሰርም፤ ፍሰት ውስጥ ከጎን የታሰረ ታንኳ ይገለበጣል። ገመዱ በአንድ መሳብ የሚፈታ ይሁን፣ ቢላዋም ከእጅ አይራቅ።

7:00

ላንደር የተባለው የጀልባ መግቢያ ታለፈ። ሙቀት 25.1፣ ሰማዩ ባዶ፣ ውሃው እንደ ብርጭቆ። ይህ የሰነፍ ሰዓት ነው የሚባለው፣ ግን ጥላ ካለ ዓሣ አለ። ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለሆነች የቨርጂኒያው ዳር ሲካሞር ዛፎች ጥላቸውን ውሃው ላይ ይጥላሉ። ታንኳው በወንዙ መካከል፣ ውርወራው ሩቅ፣ ከጥላው ጠርዝ ወደ ውስጥ።

እርሳስ የለም። 5 ኢንች ለስላሳ ትል መሰል ፕላስቲክ፣ መሐሉ ላይ የጎማ ቀለበት ገብቶ መንጠቆው በቀለበቱ ሥር። ሁለቱ ጫፎች እየተርገበገቡ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። መሬት እስኪደርስ ምንም አለማድረግ። ክሩን ማየት ብቻ ነው። ሦስት ተያዙ።

የቲዩቡ ሙከራ በጥላው ሥር ያለውን ሁለት ሜትር ውሃ ላይ ቀጠለ፤ እዚህ 3.5 ግራም ትክክል ሆነ። 5.3 ተሞክሮ ሁለት ቲዩብ ድንጋይ ውስጥ አስቀረ፣ አንድ ንክሻ አላመጣም። በዚህ የውሃ ልክ 5.3 የሚያስፈልገው ነፋስ ክሩን ሲገፋው ብቻ ይመስላል። ከሣጥኑ ሊወጣ ይችላል።

9:20

25.9 ዲግሪ። ከዚህ በላይ ሲሞቅ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የደከመ ዓሣ አያገግምም። 27 ከደረሰ ማቆም ነው። ከአሁን በኋላ መታገሉ ያጥራል፣ ድራጉ (የሪሉ ፍሬን) ትንሽ ይጠነክራል። እጅ ይርጠብ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፍፋል። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን በመንጋጋው ብቻ አግድም አለመያዝ፣ ሌላው እጅ ከሆዱ ሥር ይግባ። ከውሃ ውጭ አሥር እስኪቆጠር ብቻ። ሲለቀቅ ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ፣ ፊቱ ወደ ፍሰቱ።

ሁለት የድንጋይ እርከን መካከል ያለ ክፍተት፦ ውሃው ተሰብስቦ የሚያልፍበት ምላስ፣ በግራና በቀኙ ጸጥ ያለ ውሃ። ጥልቀቱ ሜትር ከሃያ፣ 2.7 ግራም። ቲዩቡ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ መውረድ አለበት፤ ሁለት ጫማ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ካለ ምንም የለም። አራት ተያዙ፣ ሁለት ቲዩብ በጥርስ ተቀዳደደ።

የመጠኑ ነገር ማስታወሻ ይገባዋል። እስካሁን ከወጡት 19 ውስጥ አብዛኛው ከ20 እስከ 28፣ የቀረው ከ35 በላይ ነው። መሐሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ስሞልማውዝ የሚራባው ውሃው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ወንዱ በጠጠር ላይ ክብ ጎጆ ጠርጎ እንቁላሉን ይጠብቃል። በሜይና በጁን ከባድ ጎርፍ ከመጣ ጎጆው ይታጠባል፣ የዚያ ዓመት ልጆች አይኖሩም። እዚህ 30 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ አራት ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ ክፍተቱ የሚታየው ዓመታት ቆይቶ ነው። መሐሉ ሲጠፋ ትልልቆቹን መልቀቅ ይበልጥ ትርጉም አለው።

11:30

ጥላው ወንዙን ሲሸፍን ፖፐሩ ተመለሰ። ሁለት፣ ሁለቱም ከሣሩ ጫፍ ሳይሆን ከመሐል ወንዝ፣ ነጭ ነፍሳት ከሚወድቁበት። ድምፅ የሌለው ተንሳፋፊ ይሻል ነበር፣ ግን ከቤት አልመጣም።

12:40፣ ፖይንት ኦቭ ሮክስ

በድምሩ 21። ከዘጠኝ የጠፉ ቲዩቦች ሰባቱ በድንጋይ፣ ሁለቱ በዓሣ። ከሰባቱ አራቱ 3.5 ግራም ጥልቀት በሌለው ውሃ የተጣለበት፣ ሁለቱ የ5.3 ናቸው፤ በ2.7 የጠፋው አንድ ብቻ።

ለመለኪያው 1.3 ጫማ የተወሰነው፦ ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች 1.8፤ ከዚያ እስከ ሜትር ከሃያ 2.7፤ ከሜትር ከሃያ እስከ ሁለት ሜትር 3.5። ለሚቀጥለው ጉዞ 2.7 አሥራ ሁለት ፍሬ፣ 1.8 ስድስት። መለኪያው 2 ጫማ ሲሆን አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ እንደገና ይሞከራል።

ብስክሌት ነጂው መብራት ይዟል። ታንኳው ከመጫኑ በፊት ውሃው ይደፋል፣ ሣር ከሰንሰለቱ ይለቀማል፣ ጫማ ቤት ደርሶ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። የፍሎሮካርቦኑ የመጨረሻ 40 ሴንቲ ሜትር በከንፈር ሲዳሰስ ሻካራ ነው፤ ተቆርጦ ይጣላል። የቀሩት 11 ቲዩቦች በራሳቸው ከረጢት ይቀመጣሉ፤ ከሌላ ዓይነት ለስላሳ ፕላስቲክ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ካደሩ ተያይዘው ይቀልጣሉ።